የጭራው ፉርጎ

ከሁፉፍ ተምሮች ማዶ፣ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ፣
የእንጨት ፉርጎ ቆሟል፣
በአንድ ጎኑ አሸዋ፣ በሌላው እርግብ እየገባ።
የባቡር ጭራ ነበረ፣ ከሁሉ ኋላ ተጎታች፣
ፍሬን ያዡ ተቀምጦበት ያለፈውን ሐዲድ ተመልካች።

እኔ ገነነ ወርዶፋ፣ መታወቂያዬ «ሾፌር» ይላል፤
መሪ ጨብጬ አላውቅም። እጄ መላጊያ ያውቃል።
ከፊሌም ለሰው ሲያከራየኝ
«ይሄ አበሻ» ይላል፣ «እንጨት ያድናል።»

መጀመሪያ በካቻቪቴ ጫፍ ሳንቃ ሳንቃውን ወጋሁ፤
ጤነኛው «ቋ» ይላል፣ የበሰበሰውን ዝም ሲል ሰማሁ።
(ይህን የማዳመጥ ሙያ አባቴ ነው ያወረሰኝ፣
ከድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ፤ ሌላ ውርስ አልደረሰኝ።)
ከመስኮቱ ሥር ዝም አለ። የደጃፉም ወለል ዝም።
የባሕሩ ወበቅ ነፍቶት፣ የበረሃው ንዳድ አድርቆት፣
ስልሳ ዓመት አላረፈም።

መሐንዲሱ ፋሪስ፣ ለጋ ወጣት፣ በነጭ ቶብ መጥቶ፣
«ሁሉንም አውጣና ቀይር» አለ፣ ከጥላው ሳይወጣ ፎቶ አንሥቶ።
እሺ አልኩት።
እሺ ማለት እዚህ አገር ከመዶሻ በፊት የሚነሣ መሣሪያ ነው።
ሲሄድ ግን በመሮ የሞተውን ብቻ ቆረጥኩ፣
አፍ ለአፍ አጋጥሜ አዲሱን ከአሮጌው ቀጠልኩ፣
ሳጋቱራ በኮላ ለውሼ ስንጥቁን ደፈንኩ።
ቀለም ቀቢው ቫርጊስ፣ የኬረላው ሰው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እያሸ፣
«ጥርስ ሐኪም ሆንክ እንዴ?» አለኝ። እንዲህ ሲቀልድብኝ መሸ።

ከውስጥ ምድጃ አገኘን። የብረት፣ ሆዱ የተነፋ።
ምድጃ! በዚህ ምድር!
ብሎን በባዶ እጅ ቢይዙት ቆዳ ይዞ በሚጠፋ!
ስንስቅ ከበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።
ጃሲም ነው፣ የጥንቱ ፍሬን ያዥ፤ አንድ ዓይኑን ሞራ የጋረደ።
«ጥር ላይ» አለ፣ «ከዳህና አሸዋ መሐል፣ ሌሊት፣
ውሃ በጀሪካን ይረጋ ነበር።
ሻይ አፍልተን ብርጭቆውን በብብታችን ነበር የምናቅፈው።»
ሳቃችንን ዋጥነው።

የውስጥ ሳንቃ ስፈታ የእርሳስ ጭረት ብቅ አለ፤
አራት አራት ቁም፣ አንድ አግድም፣
እንደ እስረኛ ቀን የተሰለፈ፣ የተደረደረ።
«ግመል ነው» አለ ጃሲም። «ሾፌሩ ገጭቶ ያልፋል፤
ያለፈ ሰው ምን ያያል?
የሚያየው የጭራው ሰው ነው።
ባለቤቱ ሲመጣ ‹አንድም አልሞተ› እንዳይሉት
እዚህ እቆጥር ነበር፣ በእርሳስ፣ ማንም በማይደርስበት።»

ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። ጠርዙን ብቻ ላግኩት፣
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ ከቦታው መለስኩት።
ቫርጊስ ባዶውን ጀርባ አረንጓዴ ቀባ፣ እንደ ጥንቱ።
ፋሪስም ፎቶ አነሣው፤ ደስ አለው በማማሩ።

የቀረው ፍሬኑ ነበር፣ ዝገት የበላው መሪ።
«ተወው» አለኝ። «ሃያ ሜትር ሐዲድ ላይ ለሚገተር፣
ለማይሄድ ነገር ፍሬን ምን ሊያደርግ?»
እሺ አልኩት።
ሦስት ዓርብ፣ ከዕረፍቴ፣ በናፍታ እየነከርኩ፣
ሰንሰለቱን በግራሶ፣ ጥርሱን በሽቦ እየፋቅኩ…

የምረቃው ለት ሪባን ተቆረጠ፤ ተምር ታደለ፤ ሁሉም ሄደ።
እኔና ቫርጊስ ወንበር እናጥፋለን።
ጃሲም በልጅ ልጁ ትከሻ ደረጃውን ወጣ፣
መሪውን ጨበጠ።
አንድ ዙር። ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ከሥር ብረት ብረትን ሲነክስ ሰማን።
እጁን ሳያነሣ ወደ ኋላ አየ፣
ሐዲድ ወደሌለበት፣ ወደ ተምሩ፣
ረጅም ጊዜ አየ።

«አሁን» አለ፣ «ቆመ።»